የኔታን ያልጠየቅሁት

መስከረም 20 ቀን 2001
ክረምቱ ወጣ። በቆሎዬ ከጎረቤቱ ሁሉ ይበልጣል። ልጄ ስመኘው ከእርሻ ቀድሞኝ ገባ። እንዲህ አያደርግም ነበር። "ምን ሆንክ?" "ምንም፣ አባዬ።" ሲሄድ እግሩን ከፈት ያደርጋል። ወድቆ ይሆን?

መስከረም 29
ምራቴ አይናለም ነገረችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። አንዱ የዘር ፍሬው አብጧል፣ ጠጥሯል። ከሰኔ ጀምሮ! አያመውም አለች። "ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ።" እናቱ ደስታነሽ በሕይወት ብትኖር ለእሷ ይነግር ነበር። ለእኔ መች ይነግራል... ካላመመው ምን ይሆናል? ጸበል ይጠመቅ።

ጥቅምት 17
ሁለት ሱባዔ ተጠመቀ። አልቀነሰም። የጤና ኬላዋ ልጅ ያምሮት መጣች። አታፍር!
"አያ ዘሩ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህኛው ጎረምሳ ነው የሚይዝ። ቶሎ ከታከመ ይድናል።"
"አንቺ የወንድ ነገር ምን አገባሽ?"
"ወንዶቹ ስለማትናገሩ ነዋ!"
ምላሷ...

ጥቅምት 24
ፍኖተ ሰላም ወሰድኩት። ሐኪሙ ዳሰሰው። ባሕር ዳር ሄዶ አንዱ ይውጣለት አለ። በቀረው ይወልዳል፣ ምንም አይጎድልበትም አለ።
ምንም? ዲያቆን ነው። ከትንሣኤ በኋላ ሊቀስስ ነው እኮ።
ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩ። በጣቴ ፊደል እየለቀምኩ። እዚያ ቦታ የጎደለው ከእግዚአብሔር ጉባኤ እንደማይገባ የሚል አገኘሁ። የደብራችንን መምህር፣ የኔታን ልጠይቅ? ምን ብዬ? አፌ አይደፍርም። ደግሞ ለምን እጠይቃለሁ? በመሠረተ ትምህርት ከቀበሌው አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ጥቅምት 25
"አትቆረጥም። እንዲህ ሆነህ አትቀስስም፣ አንብቤያለሁ" አልኩት። መሬት መሬት አየ። "እሺ፣ አባዬ።"
አይናለም ምሳዬን አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ወጣች።

ጥር 11
ታቦት አጅቦ ወጣ፣ ከመንገድ ተመለሰ። ይስላል። ወገቤን ይላል።

የካቲት 6
ባሕር ዳር። ያምሮት ራሷ ከቡሬ መኪና አሳፈረችን። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ሐኪሙ "ሳንባው ላይ ደርሷል" አለ። "በጥቅምት ቢመጣ..." አልጨረሰውም። ለአዲስ አበባ ጻፈልን። ተራው ለሚያዝያ ነው።

መጋቢት 2
የኔታ ክንፈሚካኤል ሊጠይቁት መጡ። ሲወጡ ደጅ ላይ ያዙኝ።
"አያ ዘሩ፣ ያኔ ለምን አላወጡለትም?"
ነገርኳቸው።
"በገዛ እጁ ራሱን የሰለበ ነው የሚከለከል። ሐኪም ለሕመም ያወጣለት ይቀስሳል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ማን ከለከለ?"
"እኔ።"
"ምነው ቢጠይቁኝ..."
ከቤቴ ደጅ የእሳቸው ቤት ጭስ ይታያል።

መጋቢት 3
ነገርኩት። "ይቻል ነበር፣ ልጄ።"
"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ።
"ታዲያ አትነግረኝም?"
"አንብቤያለሁ አሉኝ።"
ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ጎነጨ...

መጋቢት 19
ቀበርነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ሚያዝያ 30
አይናለም ወደ ወላጆቿ ሄደች። እግሬን ስማ ነው የሄደችው። ምን አድርጌላት?

ሰኔ 21
ሰንበቴ። የኔታ ዳቦውን ከባረኩ በኋላ ተነሣሁ። "ልጄን የገደለው የቆለጥ ካንሰር ነው" አልኩ። ስሙን ጠርቼ። አንዱ ሳቀ። "ሳቅ። ስትስቅ ግን ዳስሰው። ጎረምሳ ሁሉ ሲታጠብ ይዳስስ። የጠጠረ ካገኘ፣ ባያመውም፣ ለሐኪም ያሳይ። አባቱ እንቢ ቢል እኔ ጋ ይምጣ።"
ማንም ቀና አላለም። ስወጣ የጎረቤቴ የደረሰ ልጅ ሃይለ ሚካኤል ተከተለኝ። አጥሩን ይዞ ቆመ። "አያ ዘሩ..." ብሎ ቀረ። "ስንት ጊዜህ ነው?" አልኩት። "ሁለት ወር።"

ሰኔ 22
ከማለዳ ጀምሮ ከአባቱ ከደረሰ ደጃፍ ነኝ። "የልጄን ገመና ምን አስጠራህ? ውጣልኝ!" አለኝ። አልወጣም አልኩ። ስደበኝ፣ ውሻ ልቀቅብኝ አልኩ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ አየኝ። ዝናቡ በቤቱ ክዳን ጫፍ ይወርዳል፣ ደብተሬን በጋቢዬ ሸፍኜ ነው የምጽፍ። የፍኖተ ሰላም መኪና በስድስት ሰዓት ይነሣል። ሃይለ ሚካኤል ጫማውን አድርጎ ጓዳ በር ላይ ቆሟል። ደረሰ አሁን ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።
"ይድናል?" አለኝ አሁን።
"ዛሬ ከሄደ" አልኩት።
ነጠላውን ፍለጋ ገባ።