የፀሐይ ፓነል ፈታኟ እትዬ ስንጥቅ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ስንጥቅ» የሚሏቸው ኢንጂነር፣ ከብረት በያጁ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው በኋላ የመጣው አንድ ወንድም ብቻ ነው።

ልጅ ሳሉ የቤቱን ማንኪያ እያጠፉና እያቀኑ የቱ ጋ እንደሚሰበር ይመለከቱ ነበር። እናታቸው «ይቺ ልጅ ቤቱን አፍርሳ ነው የምታርፈው!» ብለው ሲማረሩ፣ አባታቸው «ተያት፤ እኔ የበየድኩትንም አምጥቼ እሰጣታለሁ» ይሉ ነበር። እንዳሉትም ያደርጉ ነበር። ብየዳቸው በልጃቸው እጅ ሲለቅ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው፣ በ1966 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ። ቀጥለውም በማቴሪያል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ። የመመረቂያ ጥናታቸው መስታወትን ከአቧራና ከውኃ ስለሚጠብቅ፣ ለዓይን ስለማይታይ ስስ ሽፋን ነበር። ናኖ ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል በሰው አፍ ከመግባቱ በፊት እሳቸው ነገሩን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

በ1974 ዓ.ም. በፀሐይ ፓነል መፈተሻ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው ፓነሎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ከመበላሸታቸው በፊት፣ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ ማበላሸት ነበር። በረዶ እንደ ጥይት ይተኩሱባቸዋል፣ በእንፋሎት ሣጥን ይቀቅሏቸዋል። ከዚያ ጨለማ ክፍል አስገብተው ኤሌክትሪክ ሲለቁባቸው ፓነሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ የተሰነጠቀው ቦታ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማንም ሳያይ «እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ» የሚሉት እሳቸው ስለነበሩ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸና። እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

አንድ ቀን የተኮሱት በረዶ ፓነሉን ስቶ መስኮቱን አደቀቀው። ሊጠግን የመጣው መስታወት ገጣሚ ዙሪያውን አይቶ «እመቤቴ፣ መስኮቱ ምን አደረገዎት?» አላቸው። ያ ሰው አባታችን ነው። በ1976 ዓ.ም. ሲጋቡ አባታችን ለእንግዶቹ «እሷ ትሰብራለች፣ እኔ እገጥማለሁ፤ ሥራ አናጣም» ብሎ አስቋቸዋል። ከትዳራቸውም አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. አጎታችን፣ ማለትም ታናሽ ወንድማቸው፣ ያለ የሌለ አቅሙን አሟጦ የፀሐይ ፓነል ፋብሪካ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው ለአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ኃይል የሚሰጡ ፓነሎች ነበሩ። ፓነሎቹ ለፍተሻ ሲመጡ እናታችን «የወንድሜ ነው፤ ሌላ ሰው ይየው» ብለው ከሥራው ራቁ። ባልደረቦቻቸው ፈትሸው አሳለፏቸው። ይሁንና እናታችን በመተላለፊያው ሲያልፉ ግድግዳ ከተደገፉት ፓነሎች በአንዱ ጥግ ላይ የአየር ፊኛ አዩ።

«በእንፋሎቱ ሣጥን ቀኑን ጨርሷል?» ብለው ጠየቁ።

ፈታኙ አንገቱን ደፋ። «ትንሽ ቀደም ብለን አውጥተነዋል። ለእርስዎ ብለን ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ለእኔ ብላችሁ ከሆነ ድገሙት።»

ተደገመ፤ ወደቀ። በጥጉ በኩል እርጥበት ገብቶ መስታወቱንና የውስጡን ክፍል የያዘው ሙጫ ለቆ ነበር። አጎታችን ዜናውን እንደሰማ እየበረረ መጣ።

«እትዬ፣ ገና ሳልቆም ገደልሽኝ!»

«አንተን አይደለም፤ ሙጫህን ነው።»

አልሳቀም። በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ቤታችን መምጣቱን ተወ። አያታችን በአንዱም በሌላውም ሳይፈርዱ «ሁለቱ ዓይኖቼ ተኳረፉ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እናታችን በሥራ ቦታ ጠንካራ ነበሩ፤ ቤት ሲገቡ ግን የስልክ ጥሪ በሰሙ ቁጥር ቀድመው ይነሱ እንደነበር እኛ ልጆቻቸው እናውቃለን።

በመጨረሻ የዓመት ዕረፍታቸውን ወስደው፣ የአባታችንን ቱታ ለብሰው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። አጎታችን ሲደርስ እህቱን በማጣበቂያ ማሽኑ ሥር ተንበርክከው አገኛቸው።

«ማን አስገባሽ?»

«በሩ ክፍት ነበር። ና፣ እጅህን እዚህ አስጠጋ። አሁን ደግሞ እዚያ።»

አስጠጋ። የማሽኑ ማሞቂያ በአንድ ጥጉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሙጫው እዚያ ቦታ በደንብ ሳይበስል ነበር የሚወጣው። አጎታችን እጁን ከማሽኑ አንስቶ «ቁርስ በልተሻል?» አላቸው። እርቁ ይኸው ነበር።

ማሞቂያው ተቀየረ። አዲሶቹን ፓነሎች የእናታችን ላቦራቶሪ ሳይሆን ሌላ ላቦራቶሪ እንዲፈትሻቸው እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ፤ ፓነሎቹም ፈተናውን አለፉ። ጤና ጣቢያው ዛሬም ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በእነሱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው ይፈሯቸው ነበር፤ ቢሆንም ከተመረቁ በኋላ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። ባለፈው ዓመት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበርና ብረት ሊገባላቸው ሲል ሐኪሙን «ይህ ብረት ስንት ጊዜ ታጥፎ ተፈተነ?» አሏቸው። ሐኪሙም «እርስዎ እያሉ ማን ይፈትነዋል?» ብለው አሳቋቸው። ቆመው ሄዱበትም። በኋላ ግን የሳንባ ምች ጸናባቸው። አጎታችን ከሰዓት በኋላ በየቀኑ እየመጣ ብርቱካን ይልጥላቸው ነበር፤ እሳቸውም ቢላዋው እንደደነዘ ሳይነግሩት አያልፉም።

በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዘ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና እንደ ልጅ ያሳደጓቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን። ለእኛም የምንወደውን ሰው ጉድለቱን ነግረነው፣ ከአጠገቡም ሳንርቅ የምንቆይበትን ጽናት ያድለን።