ተማሪ የማይበረክትላቸው መምህር

ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ስማዳ

ዛሬ ደረቴን ነፍቼ ዋልሁ። ሰው በምን ስመ ጥር እንደሚሆን ያጠናሁት ጥናት ተቀባይነት አገኘ! የድጓ መምህራንን ማን ከማን እንደተማረ ጠይቄ፣ ሰዉን በነጥብ፣ ትምህርቱን በመስመር ሣልሁት። ባልደረቦቼ "ስም የሚያወጣው የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም መማር ብቻ ነው" ይሉኝ ነበር። ይኸው፣ ከቤተ ልሔም ወጥተው ስማቸው ከተጠራው አብዛኞቹ መጀመሪያ የተማሩት እዚህ ስማዳ፣ የድጓ መምህር ከሆኑት አባቴ፣ ከአባባ ዘንድ ነው።

ሌላው መምህር ጎበዝ ተማሪውን ረዳት አድርጎ ያስቀረዋል። አባባ ግን ልጁ ጎበዝ መሆኑን እንዳዩ መርቀው ወደ ቤተ ልሔም ይልኩታል። ጉባኤ ቤታቸው ስለሚራቆት አገሬው "ተማሪ አይበረክትለትም" እያለ ሲያማቸው ኖሯል።

ከሰዓት ሥዕሉን ፊታቸው ዘረጋሁት።

"ይህ መሐል ላይ ያለው ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ። እነዚህ ሁሉ ከእርስዎ የወጡ ናቸው።"

መስመሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩ።

"አንቺስ የት አለሽ?"

"እኔ ድጓ መች ተማርሁ?"

እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከነጥባቸው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ረጅም መስመር አሰመሩ።

"አንቺንስ ገና በልጅነትሽ ለትምህርት መርቄ አልላክሁሽም?"

ሰኞ ሥዕሉን ባልደረቦቼ ፊት የምዘረጋው አባባ ካሰመሩት መስመር ጋር ነው።