ለግራ ታጣፊ የበራች ቀስት

ወንድሜ፣ እግርህ እንዴት ሆነልህ? ጀሶው ተፈታ?

ትናንት ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ፣ ሹፌሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ ዓይኔን ጨፍኜ የሌለ ፍሬን ረገጥኩ። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። ለካ እዚህ ውጭ አገር ለሚታጠፍ ሰው ለብቻው አረንጓዴ ቀስት ይበራለታል፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ቀይ በርቶበት ቆሞ ይጠብቃል። ፈሪ ሁላ! የኛ ሰፈር መብራት ግን ጀግና ነው፤ ለሁለቱም እኩል አረንጓዴ ያበራና የቀረውን ለክላክስና ለፈጣሪ ይተዋል።

ፖስት ካርዷ ሞላች። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። መንገዶች መሥሪያ ቤት የሚሠራውን ያንን አዛኝ ቅቤ አንጓች አማችህንም ሰላም በልልኝ፤ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «መብራቱ እኮ በደንብ ይሠራ ነበር» ያለህን። እውነቱን ነው፤ አንተንም የገጨህንም የጭነት መኪና እኩል «እለፉ» ብሏችኋል።