ከውጭ የሚነበብ መስታወት

ባብዬ፣

ፈረቃዬ ስለደረሰ ወጥቻለሁ፤ መኪናውን የምታስረክበው አንተ ነህ። የኪራይ ውሉ ዛሬ ያበቃል፣ የአከራዮቹ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊወስደው ይመጣል። ትርፍ ቁልፉ ፍሪጁ ላይ ነው። ክሪኩን ከኋላ ፖርታባጋዡ እንዳታወጣው፣ የነሱ ነው። በሩ ላይ ስላለው ጭረት ከጠየቀህ እህቴ ናት የጫረችው በለው፤ አትከራከር።

የእማዬን ሹራብ ከመኪናው አውጥቻለሁ። ወንበሯን ግን እሷ እንደተወችው ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር አቃተኝ። በእሷ በኩል ያለው መስታወት።

ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አደረግኩት። ሲደርቅ ንጹህ ነው፤ ስተነፍስበት የጣቷ ጽሑፍ ተመልሶ ይመጣል። የጻፈችው የዚያን ቀን ነው፣ መሥሪያ ቤትህ በር ላይ መኪናውን አቁመን "አሁን ይወርዳል፣ አሁን ይወርዳል" እያለች ስትጠብቅህ። ዝናብ ነበር፣ መስታወቱ ጉም ለብሷል። በጣቷ ስትሞነጫጭር ሥራ ፈትታ የምትጫወት መሰለኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የሱቅ መስታወት ላይ ከውስጥ ማስታወቂያ ስትጽፍ የኖረች ሴት መሆኗን ረስቼ።

ከውስጥ ሆና ፊደሉን ገልብጣ ነው የጻፈችው፤ አንተ ስትወጣ ከውጭ እንድታነበው።

አልወረድክም።

በሳምንቱ ቀበርናት።

ሰውየው ሳይመጣ ወደ መኪናው ውረድ። ከውስጥ ደህና አድርገህ ተንፍስበትና በሩን ዘግተህ ከውጭ ቁም። "አልተቀየምኩህም" ይላል።

ከዚያ አንተው በሳሙና እጠበው። እኔን እጄ እምቢ ብሎኛል።

ደግሞ እንዳትሳሳት፤ አልተቀየምኩህም ያለችህ እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።