ለጄሪካን ማን ድምፅ ይሰጣል?

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ዓደን፣ የኔ አኩራፊ!

ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ወበቅስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ ስደውል ገና «ልጃችን ዴቃ» ከማለቴ ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋም ብዬ ይኸው በሾፌሩ በገዲ እጅ ላኩልህ። በደስታ ቸኩዬ ነው የምጽፈውና ጽሑፌን ቻለው።

ልጅህ «ለከተማው ምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ» ያለችህ ቀን፣ «ፖለቲካ ውስጥ የገባች ልጅ የለችኝም» ብለህ ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ። የምርጫ ምልክቷ ጄሪካን መሆኑን ስትሰማ ደግሞ «ለጄሪካን ማን ድምፅ ይሰጣል?» ብለህ ሳቅክ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገርካትም። እሷ ግን ውሃ የሚጠፋበትን ሰፈር ሁሉ በእግሯ ዞራ ቤት ስትገባ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ ደወለ?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት?

ትናንት ድምፅ ተሰጠ። የሴቶቹ ሰልፍ ሌላ ነበር! አሮጊቷ ኹርሲ እንኳ በባጃጅ መጥታ፣ «እማማ፣ ቅድሚያ ይሰጥዎት» ሲሏት «ወረፋዬን አትንኩብኝ» ብላ ተቆጣች። የወንዶቹ ሰልፍ ግን ባዶ። ሰፈራችንን ታውቀው የለ? ግማሹ ለገዥው ፓርቲ፣ ግማሹ ለተቃዋሚው በአፉ ይሞታል፤ እኩለ ቀን ላይ ጫት ሲገባ ግን ሁሉም ተሰብስቦ ቃሚ፣ ሁሉም የበርጫ ፓርቲ ነው። ዴቃ መርጣ ስትወጣ ያን ባዶ ሰልፍ አይታ ፊቷ ጠቆረ።

አላስቻለኝም። ጫት ሻጯ ሃዎ ጋ ሮጥኩ። ሃዎ የገዥው ፓርቲ ደጋፊ ናት፤ በዴቃ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። «ያ ሃዎ፣ ወንዶቹ ሳይመርጡ ሊቀመጡ ነው» ስላት ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«አቦ፣ የፈለጉትን ይምረጡ፣ አያገባኝም! ግን ወላሂ፣ እኛ በፀሐይ እነሱ በጥላ? ጣቱ ላይ ቀለም የሌለበት ዛሬ ከኔ አንዲት ቅጠል አያገኝም!»

ጫቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል አድርጋ ከጎኑ ዘብ ቆመች።

ምነው ባየህ፣ ዓደን! የጫት ሐራራ ያንገላታው ወንድ ሁሉ ሽርጡን እየሰበሰበ ወደ ምርጫ ጣቢያው! ዐብዲሐኪም ቸኩሎ የሰው ጫማ አጥልቆ ወጣ። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መስጊዱ ጋ ደረሰ። እኔ ስስቅ፣ ስስቅ፣ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እነዚህ የአንተ ጓደኞች ናቸው፤ ሴት ትምራን የሚሉ አይደሉም። ብተዋቸው ኖሮ የሴቶቹ ድምፅ ይበቃት ነበር። በገዛ እጄ ልጄን አስሸነፍኳት ብዬ ስገላበጥ አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በኛ ጣቢያ ዴቃ አንደኛ! እልልታዬ እዚያ ማዶ መልካ ጀብዱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የሌሎቹ ጣቢያዎች ውጤት ገና ነው፤ እዚያ ልትሸነፍ ትችላለች፣ አላህ ያውቃል። የገዛ ሰፈሯ ግን መርጧታል።

ከዚያ የበርጫ ጓደኛህን ዮኒስን መንገድ ላይ ያዝኩት። «ከመቼ ወዲህ ነው እናንተ ሴት የምትመርጡት?» ስለው ሳቀ።

«ምን እናድርግ አቦ! ያ ባልሽ ከጅቡቲ እየደወለ መቀመጫ አሳጣን። ለእያንዳንዳችን ነው የደወለው! ‹ጄሪካኗን አትርሱ› እያለ። ከበርጫ በኋላ እንሄዳለን ስንል ነው ሃዎ የቀደመችን። ‹ለሚስቴ ለቱሪያ እንዳትነግሩ› ብሎ ነበር ደግሞ።»

እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ልጇ ተሸንፋ ነው ብሎ አጽናናኝ።

ለዴቃ አልነገርኳትም። ውጤቱን አንብባ ስትመለስ የጠየቀችኝ ያንኑ ነው፤ «አባዬ ሰምቷል?» ለሰፈሩ ወንድ ሁሉ የደወልክበት ስልክ ለአንዲት ልጅህ እንዴት ይጠፋል? ቁጥሯን አልቀየረችም። የእኔን ምስጢር ጠብቂ አትበለኝ፤ ይህን ከአንተ አፍ ነው መስማት ያለባት።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ገዲ ሐሙስ ከዚያ ባዶ መኪና ይዞ ወደኛ ይመለሳል። ቁም ሳጥኑ ላይ የሻንጣህ ቦታ እንዳለ ነው፤ ምንም አላስቀመጥኩበትም።

ያንተዋ ቱሪያ