ሰፈሩ የለመደው ጩኸት

ሳሚዬ፣ የኔ ጩኸታም ባል፤

ጥለኸኝ ከሄድክ ሦስት ዓመት ሞላህ። ባለፈው ሳምንት ቄሱ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግረው ፍትሐት አድርሰውልሃል። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ስዋሽ ታውቅብኝ የለ?

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሆነ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሲያወራ እኔ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ምናለ ትንሽ ቢቀድም ኖሮ። ስልክ የምትጠግንበትን ክፍል ለልብስ ሰፊ አከራይቼዋለሁ፤ ጠረጴዛህ ላይ አሁን የሰው ሱሪ ይተኮሳል። ጊታርህን ግን ማንም አልነካውም።

ደግሞ ሸክላህ ወጣ። ያን ጊዜ ናይሮቢ ሄደህ ከጓደኞችህ ጋር የቀረጻችሁት፤ ስትመለስ ነው የተሳፈርክበት መኪና የተገለበጠብህ። ፈረንጅ አገር ያለ አንድ ሜታል የምትሉት የጩኸት ሙዚቃ ወዳጅ በራሱ ወጪ አሳተመው አሉ፤ ጓደኞችህ አንዱን በአውቶቡስ ላኩልኝ። ትንሽዬ ናት። ሽፋኗ ላይ የራስ ቅል አለ፤ የሙዚቃ ቡድናችሁ ስም ደግሞ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ይመስላል፣ አንድ ፊደል እንኳ መለየት አቃተኝ። አራት ዘፈን ነው፤ ሁለቱም ገጽ ተደምሮ ሻይ ሳይፈላ ያልቃል። ለዚህች ነው እንግዲህ ያጣሁህ።

የሸክላ ማጫወቻ በዚህ ዘመን ከየት ይምጣ? ባለ ሆቴሉ ጋሽ ታደሰ ከአዲስ አበባ ሲሰደዱ ተሸክመውት የመጡትን አሮጌ ማጫወቻ አመጡልኝ። ገና ጠዋት ነበር። ድምፅህን ለመስማት ቸኩዬ መስኮቱን እንኳ አልዘጋሁም። መርፌው እንደነካው ጮህክ። ጋሽ ታደሰ አማተቡ። ትንሽ ሳይቆይ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። በጠዋት የሚሰማ ጩኸት መርዶ ነውና የኛ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ፤ ቦረናዎቹ ጎረቤቶቻችን ዱላ ይዘው ደረሱ፤ ኬንያዊቷ አትክልት ሻጭ ማን እንደሞተ ሳታውቅ በስዋሂሊዋ ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ እያለች አቀፈችኝ። ዘፈን ነው ብል ማን ይመነኝ? ሲገባቸውም ግን አልሄዱም። ተቀምጠው እንደ አዲስ አለቀሱልህ። እኔም ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ።

የተጋባን ሰሞን ትዝ አለኝ። ከተማ ውስጥ መጮህ ስለማትችል በቦዳ ቦዳ ሞተር ወደ ጎዶማ መንገድ ይዘኸኝ ወጣህ። ሜዳው ላይ ቆመህ አንዴ ስትጮህ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ከብት ጠባቂዎች ከበቡን፤ ጅብ የያዘህ መስሏቸው ነበር። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛህ ልምምድ ነው ብትላቸው አንድ ሽማግሌያቸው፣ ሰው ሳይቸግረው አይጮህም ብለው ተቆጡህ። ኋላ ግን ወተት አጠጥተው ሸኙን። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ጮኾ ሰው የሚያጣ የለም ብዬ አምኜ ኖርኩ።

ለካ ሞኝ ነኝ። የተገለበጠው መኪና ሹፌር እግሩ ተሰብሮ ተርፏል፤ እሱ ነው የነገረኝ። መኪናው ስር ሆነህ ብዙ ተጣርተሃል። በዚያ በረሃ የሚያልፍ መኪናም፣ ከብት የሚነዳ ሰውም አልነበረም። ያን ሁሉ ድምፅ ይዘህ፣ ሳሚዬ፣ የሚሰማህ አጣህ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ሸክላው ሲዞር ዘፈን አይሰማኝም፤ የዚያን ቀን ጥሪህ ነው የሚሰማኝ።

የባሰው ደግሞ አሁን ነው። ደጋግሜ ስከፍተው ሰፈሩ ለመደው። በሁለተኛው ቀን ጥቂት ሴቶች ብቻ ብቅ አሉ። ከሙት ዓመትህ ማግስት ስከፍተው ጭራሽ የመጣ የለም። አትክልት ሻጯ የደነገጠ ደንበኛዋን የሳሚ ሸክላ ነው፣ አይዞህ ስትለው በመስኮት ሰማሁ። ልብስ ሰፊው ስፌቱን እንኳ አላቋረጠም። ነገ እኔ ወድቄ ብጮህም ሸክላው ነው ይሉኛል። ይበሉ፤ አልቀየማቸውም። ሰው ሐዘንን ካልለመደ እንዴት ይኖራል?

በሰማይ ትገናኛላችሁ ይሉኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ተስፋ የለኝም። ዘፈኖችህንም አልወደድኳቸውም፤ አንድ ቃል አይገባኝም። ግን ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ሌላው ቢለምደውም እኔ አልለምደውም። ራሴው ከፍቼው ወጥ ቤት ብገባ እንኳ፣ ስትጮህ ድስቱን እሳት ላይ ጥዬ እመጣለሁ። ይረር። በሕይወት እስካለሁ ኡኡ ስትል የሚደርስልህ አንድ ሰው አለህ። ዘግይቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እደርሳለሁ።

ሚስትህ አስቱ