ጌቶቹ የጠየቁት

ቾኻታውሪ፣ ከቤታችን
ማክሰኞ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ 2013 እ.ኤ.አ.

ኢርማዬ፣ እናትሽ ትሙትልሽ፣

እንዴት ከረምሽ? ያቺ ጣልያን አገር ቦሎኛ የምታስታምሚያት አሮጊት ዛሬም ትነጫነጭብሻለች? እኛ ደህና ነን። አሁን በእውነት ደህና ነን። ልጅሽን ዳሪኮን ኩፍኝ ይዟት ነበር፤ አልፏል። ስልክ ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ድምፄን ሰምተሽ እዚያ ሆነሽ ከምታብጂ ብዬ ተውኩት። ብትቆጪ ይገባኛል፤ ግን ለመቆጣት እንኳ ጉልበት የቀረሽ አይመስለኝም፣ እኔም አልቀረኝም።

የጀመራት በፋሲካ ሰሞን ነው። ሐኪሟ መጥታ አየቻት፣ የትኩሳት መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ብርሃን እንዳይነካት አለች። ሐኪሟ ከግቢ ሳትወጣ የዜማ ጓደኛዬ ጉጉሊ ጽጌረዳ ታቅፋ ከች አለች። «ጌቶቹ ገብተዋል፤ ቀይ ጨርቅ የለሽም?» ቀዩን የአልጋ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቀልን። ወጉን አንቺም አድገሽበታል፤ ጌቶቹ ኩፍኝ ሆነው በሕፃን ገላ በእንግድነት ሲመጡ ቤት ውስጥ አይጣሉም፣ አያለቅሱም፣ ልጅቷም የጠየቀችው አትከለከልም፤ በእሷ አፍ የሚጠይቁት እነሱ ናቸውና። ደስ ብሏቸው እንዲሄዱ ደግሞ በሦስት ድምፅ ይዘፈንላቸዋል።

ሦስት ድምፅ ከየት ይምጣ? የዜማ ቡድናችን አዳራሹን የሚሞላበትን ዘመን ታውቂያለሽ። ግማሹን መቃብር ወሰደው፣ ግማሹን ጣልያን። የቀረነው እኔ፣ ጉጉሊና ላማራ ነን፤ የላይኛውን ድምፅ የምትይዝልን ያስተማርናት ዳሪኮ ነበረች፣ እሷም ተኛች። ጉጉሊና ላማራ ደግሞ ከወይን ለቀማ ወዲህ ተኮራርፈዋል፤ ላማራ በሰው ፊት «ጉጉሊ እየዘፈነች ታንቀላፋለች» ብላ። ቢሆንም አስጠራኋት፣ መጣች።

«ነይ የኔ ዕንቁ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት ጉጉሊ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«እሺ የኔ ማር። ዛሬስ የነቃሽ ትመስያለሽ።»

«ጌቶቹ ይውጡ ብቻ፣ እንገናኛለን የኔ ማር።»

ዳሪኮ ትኩሳት እያንገበገባት ሳቀች። በዚያ ሳቅ ነው ትንሽ ልቤ የተመለሰው።

ጉጉሊ ታችኛውን፣ ላማራ የመሀሉን፣ እኔ የላይኛውን ያዝን። የኔ ድምፅ በወጣትነቴም ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ተሰነጠቀ፤ ግን እናቴ ከእናቷ የተቀበለችውን ዘፈን መሀሉ ላይ ጥሎ መነሳት የለም፣ ከእኛ ሌላ የሚያውቀውም የለ። ሽፍታው ፊቷን እስኪሸፍን ድረስ በየቀኑ ጉሮሯችን እስኪሻክር ዘፈንን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጣም ጋለችብኝ። እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ «ጌታዬ፣ ምን ይሻሉ? ምን እናቅርብ?» አልኳት። እንጆሪ ትለኛለች ብዬ ጎረቤት ልኬ አስለቅሜ ነበር።

«እናቴ ጋ ልሂድ» አለች።

ጉጉሊ ዜማውን አቋረጠች። ላማራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

በክረምት «የመኖሪያ ወረቀቱ አልቋል፣ ልጄን ልውሰድ» ስትይኝ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሽውም። ሰው ጓዳ ውስጥ ልታሳድጊያት ነው ወይ ብዬ ጮህኩብሽ፤ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ዛሬም ሐሳቤ ያው ነው። ጌቶቹን ግን እምቢ አይባልም፣ ኢርማ። «እሺ ጌታዬ፣ ይሄዳሉ» አልኩ። ቤት ውስጥ ማልቀስ ነውር ነውና ዶሮዎቹ ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። በመድኃኒቱ ይሁን በጌቶቹ፣ አልከራከርም። በአበባና በጣፋጭ እስከ በር ሸኘናቸው። ገና ደጃፉን ሳንዘጋ ላማራ ጀመረች፦

«ልጅ በትኩሳት የቀባጠረችው ቃል ሊሆን ነው? ለኢርማ እንዳትነግሪያት። ልጅቷ ከሄደች የላዩን ማን ሊይዝ ነው? ያኔ እኛም አበቃልን።»

«ለጌቶቹ እሺ ብላለች» አለች ጉጉሊ። «ቃሏን ብታጥፍ ተመልሰው ልጅቷን ቢወስዱባትስ?»

ይኸው እንደገና ተኮራርፈዋል። ላማራ ልክ ናት፤ ዳሪኮ ከሄደች ሰኞ ሰኞ ተሰብስበን ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ሻይ እንጠጣ ይሆናል።

ትናንት፣ ከዳነች በኋላ፣ እንቁላል እየላጠች ሳለ «እውነት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ቀና ሳትል «አንቺስ አትመጪም?» አለችኝ። «ዶሮዎቹን ለማን ትቼ?» አልኳት። እንቁላሏን በላች። መልሷ ገብቶኛል።

የክረምት ካፖርቷ አጥሯታል፣ ሌላ ግዢላት። ወተት ከነስልባቦቱ አትወድም። ብቻዋን አታዘፍኛት፤ የላይኛው ድምፅ ብቻውን ሲሰሙት ሆድ ያባባል። የመሀሉን ታውቂዋለሽ። አፍሽን ከዘጋሽ ስንት ዘመንሽ ነው፣ ለእሷ ስትዪ ክፈቺው።

ለወይን ለቀማ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ እስከዚያ አትቆዪ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ትንሽ ካረፍኩ ጉልበቴ ይመለሳል፣ እምቢ የምልበት ሰበብም አላጣም። ደክሞኝ ሳለ ነይና ውሰጃት።

ቅዱስ ጊዮርጊስ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

እናትሽ
ማቅቫላ